ዝምታም ይነቅዛል

(ጎንደር ላይ ለትናንሽ ድርጅት ባለቤቶች፣ ለክፍል ኃላፊዎችና ለቡድን መሪዎች በተዘጋጀ የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ?

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ። እንደገና፣ እንደምን ዋላችሁ? ፈጣሪ ይመስገን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ከደባርቅና ከቆላ ድባ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እሑድ ከሰዓት የቤተሰብ ሰዓት ነው። እሱን ትታችሁ እዚህ በመቀመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ፒያሳ አጠገብ ዘጠኝ ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ከእሷ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ጉዞ የምናዘጋጅበት ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት አለን። ከዚያ በፊት እኔም ለብዙ ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ። በደህናው ጊዜ 14 ሠራተኞች ነበሩን። እንግዳ ተቀባይ፣ ምግብ አብሳይ፣ ክፍል አጽጂ፣ ሹፌር፣ አስጎብኚ፣ ዘበኛ። ዛሬ ቡድን ስል እነዚህን ሰዎች ማለቴ ነው።

አዘጋጆቹ «ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ሰው እንዴት ይመራል?» በሚለው ላይ ተናገሪ አሉኝ። እስቲ መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ። ከ2012 ወዲህ የደመወዝ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ እጁን ያውጣ።

አያችሁ? ዘወር ዘወር በሉና ተያዩ። ይህን ሁሉ እጅ እዩት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ክፉ ጊዜን ከእኔ የሚማር ሰው የለም። እኔ የመጣሁት ያጠፋሁትን ልነግራችሁ ነው። ጥፋቴ ለአንዳችሁ እንኳ አንድ ሠራተኛ ቢያተርፍላችሁ ይበቃኛል።

ሦስት ነገር ይዣለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረጅም ጊዜ እወስዳለሁ፤ ልቤ ያለው እሱ ላይ ነው።

አንደኛው ነገር ዝምታ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ ይሠራል። ጎረቤት ሲጣላ፣ ሰው ሲቆጣ፣ ነገር ሲካረር፣ ዝም ያለ ያተርፋል። ሰዎች እጃችሁን እያዩ የሚያድሩ ከሆነ ግን ዝምታም ይነቅዛል። እንደ እህል ነው የሚነቅዘው። ከላይ ስታዩት ጎተራው ሙሉ ነው። እጃችሁን ስታስገቡ ዱቄት ሆኗል።

ይህን መጀመሪያ ያየሁት ሰሜን ተራሮች ላይ ነው። ገና ጀማሪ አስጎብኚ ሳለሁ፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ አራት እንግዶች ይዘን ከሳንቃበር ወደ ጊጪ እንሄድ ነበር። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ወደ ጅንባር ወንዝ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ሽቅብ ነው። በአንድ በኩል ገደሉ አለ። አብረውን አንድ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ እና አንድ ባለበቅሎ ነበሩ። ባለበቅሎው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ «አያ» ነበር የምንላቸው። ገና ወንዙ ሳንደርስ ደመናው ከቆላው ተነሣና ገደሉን ወጥቶ ዋጠን። ከፊታችን ያለችውን በቅሎ እንኳ ማየት አቃተን።

አያ ቆሙ። «ማንም ከቆመበት እንዳይነቃነቅ» አሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደፊት ሄዱና ተጣሩ። «አለሁ! አላችሁ?» እኛም «አለን!» አልን። ድምፃቸውን ተከትለን አሥር እርምጃ ያህል ሄድን። እንደገና «አለሁ! አላችሁ?» «አለን!» እንግዶቹ አማርኛ አያውቁም። ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ግን እነሱም «አለን!» ማለት ጀመሩ።

እንዲህ እያልን ብዙ ሄድን። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አያ የትኛው እንደሆነ በእግራቸው መዳሰስ ነበረባቸው። ሐሳባቸው ሁሉ እግራቸው ላይ ሆነና መጣራቱን ተዉት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች አምስት ደቂቃ አንደኛው እንግዳ መጠበቅ አቃተውና ብቻውን መራመድ ጀመረ። በገደሉ በኩል። ስካውቱ የቦርሳውን ማንገቻ ለቀም አድርጎ ባይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ እያለቀስኩ ነበር የምነግራችሁ።

ማታ እሳት ዳር አያ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? እንግዳውን አልወቀሱም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መንገዱን ስፈልግ ድምፄን ረሳሁት» አሉ።

አስተውሉልኝ። ቀኑን ሙሉ ድምፃቸውን ስንሰማ የተረጋጋነው፣ መንገዱ ይታያቸዋል ብለን ነው እንዴ? አይታያቸውም። ጉሙ ውስጥ እንደ እኛው ናቸው። ያረጋጋን እሳቸው ፊት ፊታችን መኖራቸውን ማወቃችን ነው። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዓመታት በኋላ ግን ያንኑ ስህተት ሠራሁት።

2012ን አስታውሱ። ታኅሣሥ ላይ ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። እኛ በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች ትልቅ ተስፋ ያዝን። ለፋሲካም ለመስከረምም ቡኪንግ ይገባ ነበር። ከዚያ መጋቢት 4 ቀን፣ ዓርብ፣ አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ ጠዋት ኢሜሌን ስከፍት 11 ስረዛ ቆየኝ። ሳምንቱ ሲያልቅ መዝገባችን ላይ አንድ ስም አልቀረም።

እኔ ምን አደረግሁ? የቢሮዬን በር ዘጋሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጠዋት እገባለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። ሂሳብ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ ደግሞ እደምራለሁ። ለምን ዝም አልኩ? ሰዎቼን የምጠብቃቸው መስሎኝ ነው። መልስ ሳልይዝ ካወራሁ አስደነግጣቸዋለሁ ብዬ ነው። ስንቶቻችሁ እንዲህ አስባችኋል?

እነሱስ በዚያ ሦስት ሳምንት ምን ሲሉ ነበር? የሰማሁት በኋላ ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበርና አንድ ባለሙያ መጥቶ በሜትር ለክቶ ሄደ። «ቤቱ ተሸጠ» ተባለ። ስልክ ሳናግር ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «አዲስ አበባ ጠቅልላ ልትገባ ነው» ተባለ። አንድ ቀን ታምሜ አረፈድኩ። «ኮሮና ይዟታል» ተባለ። አያችሁ፣ እኔ ዝም ስል እነሱ ዝም አላሉም። ባዶውን ሞሉት። የሞሉት ደግሞ ከእውነቱ በባሰ ነገር ነው። እውነቱ ከባድ ነበር። ቤቱ ግን አልተሸጠም ነበር!

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ምርጡን አስጎብኚያችንን ቦርሳውን ይዞ በር ላይ አገኘሁት። ስድስት ዓመት አብሮን ሠርቷል። ወፎችን በድምፃቸው የሚለይ ልጅ ነው። «ወዴት ነህ?» አልኩት። ምን አለኝ? «እትዬ፣ ብር የለም ቢሉኝ ኖሮ እቆይ ነበር። ምንም አላሉኝም እኮ።»

ምንም አላሉኝም እኮ። ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ልጁ አሁን ኑሮው ሌላ ከተማ ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ይህን ታሪክ እንድናገርም ፈቅዶልኛል።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ተራርቀን ተቀመጥን። የባንክ ደብተሩን አወጣሁ። «186 ሺህ ብር አለን» አልኳቸው። «የወር ደመወዛችን 61 ሺህ ነው። ሌላ ወጪ ባይኖር ሦስት ወር ያቆየናል። በሽታው መቼ እንደሚያልፍ አላውቅም። እንግዳ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ቤቱ አልተሸጠም፤ አልሸጠውምም። ሐሙስ ጠዋት በዚሁ ሰዓት ተገናኝተን እስከዚያ ያወቅሁትን እነግራችኋለሁ።»

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያለቅሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጥለው ይሄዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዘበኛችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ረጅም ትንፋሽ አወጡና «እፎይ፣ ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። ይኸው ነው እንዴ! ሦስት ሳምንት ስንት ነገር ሲያስቡ እንደከረሙ አስቡት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና ይፈላል። እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም ይፈላል። እዚያ ላይ የማወራው አጭር ነው። የማውቀውን እናገራለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ከዚያ መቼ ተመልሼ እንደምነግራቸው ቀን እቆርጣለሁ። ከሦስቱ ትልቁ የትኛው ይመስላችኋል? ቀኑ ነው። ሰው መልስ ሳያገኝ መቆየት ይችላል። መቼ እንደሚያገኝ ሳያውቅ መቆየት ግን ያቅተዋል። የሆስፒታል ወረፋ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ሳምንታት አለፉ፣ የምነግራቸው አዲስ ነገር አልነበረኝም። ስምንት ጊዜ ተከታትዬ «ዛሬ አዲስ ነገር የለም» ብያለሁ። አንዷ ልጅ «ታዲያ ለምን እንሰበሰባለን?» አለች። አሁንም የመለሱላት ዘበኛችን ናቸው። «አዲስ ነገር አለመኖሩን ከእሷ አፍ ስሰማ ማታ እተኛለሁ» አሏት። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አንድ ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል፤ ሳልረሳው እዚህ ላይ ልመልሰው። «ሁሉን ከነገርኳቸው ጥለውኝ አይሄዱም ወይ?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ የሚሄድ ይኖራል። እኛም ጋ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሁለት ሰው ሄዷል። ግን ተሰናብተው ነው የሄዱት። ቁልፍ አስረክበው፣ ሥራቸውን ለሌላ አሳይተው። ደግሞ «ንገሩ» ስል ያላችሁን ሁሉ ዘርግፉ ማለቴ አይደለም። የአንዱን ሠራተኛ ገበና ለሌላው አትናገሩም። ያላለቀ ድርድር መሐል አታወጡም። የሌሊት ፍርሃታችሁን ጠዋት ሰው ላይ አትደፉም። የምትናገሩት ኑሯቸውን የሚነካውን ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሁለተኛው ነገር፣ ያለውን ቆጥሮ አብሮ መካፈል ነው።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ላምጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 ቺሊ ውስጥ ሳን ሆሴ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ ተደረመሰ። 33 ሰዎች 700 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ተቀበሩ። በሕይወት መኖራቸው የታወቀው በ17ኛው ቀን ነው። የፈረቃው አለቃ ሉዊስ ኡርዙዋ ይባላል። መጠለያው ውስጥ የነበረው ምግብ የሁለት ቀን ያህል ብቻ ነበር። እሱን በሁለት ቀን አንዴ፣ ለሰው ሁለት ማንኪያ ቱና እያደረጉ ቆዩበት። ሁለት ማንኪያ! ኡርዙዋ ደግሞ የጉድጓዱን ካርታ ሣለ። የት እንዳሉ፣ የት መተኛት፣ የት መጸዳዳት እንደሚችሉ አወቁ። በ69ኛው ቀን ሲወጡ 32ቱ ቀደሙት። እሱ መጨረሻ ወጣ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መጨረሻ መውጣቱን ያደንቃል። ይገባዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ማንኪያው ነው። ስንት እንዳለ ሁሉም ያያል። ለማን ስንት እንደደረሰ ሁሉም ያያል። የተቆጠረ ነገር ላይ ሐሜት አይበቅልም።

እኛም ያንን 186 ሺህ አብረን ቆጠርን። ግማሽ ደመወዝ ቢሆን ስድስት ወር ያደርሰናል ያሉት እነሱ ናቸው። እኔ ያንን ከአፌ ለማውጣት አልደፍርም ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ተናገርኩ፤ «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ምንም አልወስድም» አልኩ። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። መጀመሪያ የራሳችሁን ቁረጡ። ያንን ሰው ይይ። ከዚያ ስለ ሌላው አውሩ። መኪናውን እየቀየረ ሠራተኛውን «ታገሱ» የሚል አለቃ አይቻለሁ። እናንተም አይታችኋል። የሚታገሰው የለም።

ከመካፈሉ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ሰው እጁ ሥራ ሲፈታ ልቡ ይሄዳል። አየር መንገዳችንን አስታውሱ። ኮሮና መንገደኛ ሲያሳጣው የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር እያነሣ ዕቃ ጫነባቸው። እኛ አውሮፕላን የለንም። ምን አለን? ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። ሰኞ ጠዋት ቡናው ላይ «ምን እንሥራ?» አልኩ። ክፍል የምታጸዳው ልጅ ናት እጇን ያወጣች። ለዓመታት ለሰፈሯ ዕድር እንጀራ ትጋግር ነበር። እኛ አናውቅም! አራት ዓመት አብራን ስትሠራ አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሰፈሩ ሰው 60 እንጀራ በቀን መሸጥ ጀመርን። በኋላ 300 ደረሰ። ሹፌሩ አከፋፋይ ሆነ። እንግዳ ተቀባይዋ ሂሳብ ያዘች። እንጀራው ደመወዛችንን ሙሉ አልከፈለም። መብራቱንና የግማሹን ሰው ደመወዝ ግን ችሏል። ቤቱ ጠዋት ጠዋት የእርሾ ሽታ ነበረው። ያ ሽታ ለእኔ ዛሬም የዚያ ዓመት መድኃኒት ነው።

እዚህ ጎንደር ላይ ይህን የሚያውቅ ትልቅ ተቋም አለን። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ መታው። ከቆላ ድባ የመጣችሁ ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። በዓመቱ፣ 1954 ላይ፣ የጤና ኮሌጁ ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው እሱ ነው። ያኔ ምን አደረጉ? ሐኪም ብቻ እናፍራ አላሉም። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷን፣ ሳኒተሪያኑን በአንድ ግቢ አሠልጥነው እንደ አንድ ቡድን ወደ ገጠር ላኩ። አንዱ ሲያክም፣ አንዷ እናቶችን ስትከታተል፣ አንዱ ውሃውንና መጸዳጃውን ያያል። ዛሬም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከተለያየ ትምህርት ክፍል በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። እኔ ግን እዚሁ ከተማ ተወልጄ፣ ሰው በቅጥሩ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሌላ ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ እንዳለብኝ የገባኝ ችግር ሲመጣ ነው። እናንተ አትጠብቁ። ነገ ጠይቋቸው። «ከዚህ ሥራ ሌላ ምን ትችላለህ?» በሉ። የምትሰሙት ያስደንቃችኋል።

ሦስተኛው ነገር ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ ራሴን ይበልጥ እወቅሳለሁ።

ነገሩ ትንሽ ሲረጋጋ፣ እንግዳ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ እኔ በወጪ ላይ ክፉ ሆንኩ። እያንዳንዷ ብር ታመኛለች። ሹፌሩ ስለ ዘይት ሲያነሣ «አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» እላለሁ። ጎማ ሲል ፊቴ ይጠቁራል። አንድ ቀን ሰው ፊት ጮኽኩበት። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ምንም ማንሣት ተወ። እኔም «ተመስገን፣ ወጪ ቀነሰ» አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ሁለት እንግዶች ይዞ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወረደ። ሊማሊሞን የማያውቅ ካለ፣ ከተራራው አናት እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገድ ነው። አንዱ ኩርባ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ሹፌሩ ጎበዝ ነው፤ በማርሽ ይዞ ከተራራው ጋር አጣብቆ አቆማት። ሰው አልተጎዳም። የመኪናው ጎን ተላጠ።

ማታ ጠየቅሁት። «ፍሬኑ ከመቼ ጀምሮ ነው?» መሬት መሬት እያየ «ሦስት ሳምንት ሆኖታል» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ዝም አለ። ለምን እንዳልነገረኝ ሁለታችንም እናውቃለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገው ሰውስ ምን ይባላል?

በኋላ አንድ ጥናት አነበብኩ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ታጠና ነበር። ጥሩ ቡድኖች አነስተኛ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ጠበቀች። የተገኘው ተቃራኒው ሆነ። ጥሩ ቡድኖች የበለጠ ስህተት መዝግበው ተገኙ። ለምን ይመስላችኋል? እነሱ ስህተታቸውን ለመናገር አይፈሩም ነበር። ሌሎቹ ደበቁት። ይህን ሳነብ ሊማሊሞ ላይ የተላጠችው መኪናዬ ናት ትዝ ያለችኝ። የእኔ ቤት ጸጥ ያለው ሰላም ስለነበረ ሳይሆን ስለፈሩኝ ነው።

ምን አደረግሁ? ሹፌሩን በጮኽኩበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። በጓዳ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን ጩኸቱ በአደባባይ ከሆነ ይቅርታውም በአደባባይ ነው። ከዚያ ሰኞ ሰኞ አንድ ጥያቄ ጨመርን። «በዚህ ሳምንት የተበላሸ ወይም ሊበላሽ ያለ ምን አለ?» መጀመሪያ የምመልሰው እኔ ነኝ። የእኔን ስህተት ሳልናገር የማንንም አልጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ምንም አላለም። በአራተኛው ሳምንት ምግብ አብሳይዋ «የጋዙ ቱቦ ይሸተኛል» አለች። ያን ቀን ከደስታ ብዛት አቀፍኳት።

ሦስት ብዬ ነበር። አንድ ሌላ አለ፤ እሱን ሳልናገር መውረድ አልችልም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሰው መቀነስ የሚመጣበት ቀን አለ። እኛም ጋ መጣ። ሐምሌ 2015 ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በእኛ ሥራ ኢሜል ከሌለ እንግዳ የለም። በዓመቱ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ሁለት ሰው ማሰናበት ነበረብኝ።

ወጣት ሳለሁ እኔን ያሰናበተኝ ድርጅት ስሜን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነበር የለጠፈው። ጠዋት ሥራ ስገባ ሰው ሁሉ አይቶት ነበር። እኔ ነኝ መጨረሻ ያየሁት። ያን ቀን ከበሩ እስከ ሰፈሬ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸውን ቤታቸው ሄጄ ነው የነገርኳቸው። ከሁለት ወር በፊት ነገርኳቸው። ለምን እነሱ እንደሆኑ ነገርኳቸው። የሥራ ልምድ ወረቀታቸውን ጽፌ ይዤ ሄድኩ። አንደኛዋ ተቆጣችኝ። ልክ ናት፣ ትቆጣ። ቁጣዋን ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እባካችሁ፣ ሰው ስታሰናብቱ ስልክ አትጠቀሙ፣ ሌላ ሰው አትላኩ። የሚቀሩት ሠራተኞች የሄዱትን እንዴት እንደሸኛችኋቸው ያያሉ። ነገ ለእነሱም እንዲያ እንደምትሆኑ ያውቃሉ።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ አዘጋጁ እያሳየኝ ነው። እሺ፣ እጨርሳለሁ።

ነገ ሰኞ ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቡና አለ። አሁን ዘጠኝ ነን። ነገ የምነግራቸውን ትናንት ማታ ጽፌዋለሁ። ይህች ናት ወረቀቷ፤ ላንብብላችሁ።

«ለጥምቀት አምስት ክፍል ተይዟል። ቅድሚያ ክፍያ የገባው ለሁለቱ ነው። የሦስቱን አላውቅም። የመኪናው አራቱም ጎማ መቀየር ነበረበት፤ የምንችለው ሁለቱን ነው፤ ስለዚህ እስክንሞላው ድረስ ሊማሊሞን አንወርድም። ደመወዝ በ30 ነው፣ አልተለወጠም። ወደ ደባርቅ መንገዱ በዚህ ሳምንት እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ረቡዕ ሁለት ሹፌሮች እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንድ እንግዳ ቀን አሳስቼ መዝግቤያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐሙስ እንገናኝ።»

ይኸው ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ውጭ ቡና ቀርቧል፤ እዚያ እንጨዋወት።